ጠርዝ የሌለው መስታወት

ንግግሬን የምጀምረው ከአክስቴ ጥፍር ነው። ፈገግ ያላችሁ አላችሁ፤ ግድ የለም፣ ትንሽ ብቻ ታገሡኝ።

አክስቴ በንክኪ የሚሠራ ስልክ የያዙት 70 ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የነበራቸው ተለቅ ተለቅ ያሉ ቁልፎች ያሉት፣ ሲጫኑት ቀጭ የሚል ዓይነት ነበር። አዲሱን በሰጠኋቸው ማግስት ደወሉልኝ፤ የደወሉት ግን በሌላ ሰው ስልክ ነው። "ልጄ፣ ይህ ዕቃ እኔን አይወደኝም" አሉ። ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩና እንዴት እንደሚነኩት እንዲያሳዩኝ ጠየቅኳቸው። ጠቋሚ ጣታቸውን ቀሰሩ፤ ከዚያም እንደ መርፌ ቀጥ አድርገው በጥፍራቸው ጫፍ ስክሪኑን ወጋ አደረጉት። ምንም የለም። ጠበቅ አድርገው ደገሙት። አሁንም ምንም የለም። በሦስተኛው ስልኩን የያዘው እጃቸው አውራ ጣት ሳያስቡት ዳር ላይ አረፈና ያልጠሩት ነገር ተከፈተ። "አየህልኝ?" አሉ። "ስጠራው አይሰማም፤ ሳልጠራው አቤት ይላል።"

ሥራዬ ሰዎች በስክሪን ላይ የሚነኳቸውን ነገሮች መንደፍ ነው። ቁልፉ የት ይቀመጥ፣ ቀለሙ ምን ይሁን፣ ጽሑፉ ምን ይበል፤ ስተዳደር የኖርኩት በዚህ ነው። ሆኖም አክስቴ በዚያች በአንዲት ዓረፍተ ነገር የወቀሱንን ያህል ጥርት ያለ ወቀሳ ከማንም ባለሙያ ሰምቼ አላውቅም። የጋበዛችሁኝ ስለ ስክሪን፣ ስለ ማኅበራዊ ሚዲያና ስለ እጅ ስልክ እንድናገር ስለሆነ፣ ያንኑ ወቀሳ ይዤ መሄድን መርጫለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ጥፍሩ። የስልካችን መስታወት ግፊት አይለካም። ከመስታወቱ ሥር፣ ኢንዲየም ቲን ኦክሳይድ ከሚባል፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ሆኖ ብርሃን ከማያግድ ስስ ቁስ የተሠሩ መስመሮች በቁመትና በአግድም ተዘርግተዋል። መስመሮቹ በሚተላለፉበት ቦታ ሁሉ እጅግ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ክምችት አለ። የሰው ጣት ውስጡ ውሃና ጨው ስለሆነ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ወደ መስታወቱ ሲጠጋ ከዚያ ክምችት ጥቂቱን ወደ ራሱ ይስባል። አንዲት ትንሽ ቺፕ መስመሮቹን በሰከንድ 60፣ አንዳንዴም 120 ጊዜና ከዚያ በላይ እየቃኘች የጎደለው የት እንደሆነ ታሰላለች። ንክኪ የምንለው እንግዲህ ይህ ጉድለት ነው።

ጥፍር ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ወፍራም ጓንትም እንዲሁ። የደረቀና የጠነከረ ቆዳ፣ ማለትም በዕድሜ የገፋ ወይም ዘመኑን ሁሉ በእጁ ሲሠራ የኖረ ሰው ቆዳ፣ ደከም ያለ ምልክት ነው የሚሰጠው። በአንጻሩ ስክሪኑ ላይ ያረፈች የውሃ ጠብታ ራሷን ጣት አስመስላ ልታስቆጥር ትችላለች። አክስቴ "አይወደኝም" ሲሉ ፊዚክስ እየተናገሩ ነበር ማለት ነው።

ጥፍሩን በአምስት ደቂቃ አስተካከልነው። የጣታቸውን ለስላሳ ክፍል እንዲያሳርፉ አሳየኋቸው፤ ለመዱት። ያልተስተካከለው ሌላው ነው። በድሮው ስልካቸው ላይ፣ 5 ቁጥር ላይ፣ አንዲት ትንሽ ጉብታ ነበረች። የብዙዎቻችሁም ስልክ ላይ ነበረች፤ ዛሬም በባንክ የገንዘብ መክፈያ ማሽን ቁልፎች ላይ በጣታችሁ ፈልጓት፣ ታገኟታላችሁ። በኮምፒውተር የቁልፍ ሰሌዳም ኤፍ እና ጄ ላይ እህቶቿ አሉ። ዓይን ሌላ ቦታ እያለ ጣት ያቺን ጉብታ ያገኝና ከዚያ ተነሥቶ ሌላውን ሁሉ ያውቃል፤ ግራው 4፣ ቀኙ 6፣ በላይ 2፣ በታች 8። አክስቴ ማታ መብራት ጠፍቶ፣ መነጽራቸውን ሳያደርጉ ለእህታቸው የሚደውሉት በእሷ እየተመሩ ነበር። መስታወቱ ላይ ግን ጣት የትም ቢያርፍ ስሜቱ አንድ ነው። ቁልፉ ሥዕል ነው፤ ሥዕል ደግሞ ለዓይን እንጂ ለጣት አይናገርም።

ይህን የጎደለ ነገር ጠርዝ ልበለው። ጠርዝ ስል አንዱ ነገር የሚያልቅበትን፣ ሌላው የሚጀምርበትን፣ እጅም ሆነ ልብ "እዚህ ደርሻለሁ" የሚልበትን ቦታ ማለቴ ነው። ስክሪን በኑሯችን ላይ ያመጣውን ለውጥ በአንድ ነገር ተናገር ብባል፣ ጠርዝ ማጥፋቱ ነው እላለሁ። መጀመሪያ ከቁልፍ ላይ አጠፋው፤ ቀጥሎ ከገጽ፤ ቀጥሎ ከሰዓት።

የፈጠሩት ሰዎች ክፉ ሐሳብ አልነበራቸውም፤ እንዲያውም አብዛኞቹ የተነሡት የደከመ እጅን ለማሳረፍ ነው። በ1965 በእንግሊዝ ማልቨርን በነበረው የራዳር ምርምር ተቋም ይሠራ የነበረው ኢ. ኤ. ጆንሰን በጣት ስለሚነካ ስክሪን አጭር ጽሑፍ አሳተመ። ያሰበው ለአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ነበር፤ የአውሮፕላኑን መለያ ፊደል በፊደል ከመጻፍ ስሙን በቀጥታ መንካት ይፈጥናል ብሎ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በጄኔቫ አቅራቢያ በሚገኘው የኑክሌር ምርምር ማዕከል፣ በሰርን፣ ፍራንክ ቤክና ቤንት ስቱምፔ ለአዲስ ግዙፍ ማሽን የመቆጣጠሪያ ክፍል ያቅዱ ነበር። ግድግዳ ሙሉ ቁልፍና ማዞሪያ ከመደርደር ይልቅ፣ እንደ ሥራው ስማቸው የሚለዋወጥ ጥቂት ቁልፎች ያሉበት ግልጽ ስክሪን ሠሩ። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ፕላቶ 4 የተባለው የማስተማሪያ ኮምፒውተር በ1972 ተማሪዎች መልሳቸውን በጣት እንዲጠቁሙ አደረገ። ስክሪኑ ፊት የማይታዩ የብርሃን ጨረሮች 16 በ16 ሆነው ይተላለፋሉ፤ ጣት ሲያቋርጣቸው ኮምፒውተሩ ያውቃል።

ከሁሉም እኔ የምወደው የዌይን ዌስተርማንን ታሪክ ነው። በደላዌር ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ሳለ የቁልፍ ሰሌዳ መምታት እጁን ያመው ነበር። ከመምህሩ ከጆን ኢሊያስ ጋር ሆኖ፣ ያለ ግፊት፣ በመዳሰስ ብቻ የሚሠራ፣ ብዙ ጣቶችን በአንድ ጊዜ የሚለይ ሰሌዳ ሠራ። ፊንገርወርክስ ብለው ያቋቋሙትን ድርጅት በ2005 አፕል ገዛው፤ በጃንዋሪ 2007 አይፎን ለዓለም ሲታይ በሁለት ጣት ሥዕል የማስፋትና የማጥበብ ጥበብ ሁሉንም አፍ አስያዘ። የያኔው የአፕል መሪ ስቲቭ ጆብስ በዚያ መድረክ ላይ ያቀረበው ክርክር አሁንም ትክክል ይመስለኛል፤ የፕላስቲክ ቁልፍ አንዴ ከተሠራ ብትፈልገውም ባትፈልገውም እዚያው ተገትሮ ይኖራል፣ ለአዲስ ሥራ አይለወጥም። ልክ ነው። ተገትሮ መኖሩ ግን ለጣት ምን ያህል ውለታ እንደነበር ያን ቀን ማንም አላነሣም። እኔም ያኔ ካጨበጨቡት ነኝ።

ውለታው የታወቀው ሲጎድል ነው። ካነበብኳቸው አጋጣሚዎች ሁሉ እንቅልፍ የነሣኝ የባሕር ላይ ነው። ኦገስት 21 ቀን 2017፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ጆን ኤስ. ማኬይን የተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብ ወደ ሲንጋፖር ሰርጥ ትቃረብ ነበር። አካባቢው የመርከብ መንጋ የሚተላለፍበት ነው። መሪውን የያዘው መርከበኛ አቅጣጫንና ፍጥነትን ባንድ ላይ መቆጣጠር ከበደው። አዛዡ ይህን አይቶ ሥራው ለሁለት ሰው እንዲከፈል አዘዘ፤ አንዱ አቅጣጫውን፣ ሌላው ፍጥነቱን እንዲይዝ። ዝውውሩ የሚደረገው በንክኪ ስክሪን ነበር። ፍጥነቱ ብቻ መዛወር ሲገባው አቅጣጫውም አብሮ ሄደ፤ መሪው ላይ ያለው ሰው መርከቧ አልታዘዝ ያለችው መሰለው። "ፍጥነት ቀንስ" የሚል ትእዛዝ ሲመጣ ደግሞ መርከቧን ከሥር የሚገፉት የሁለቱ ማሽከርከሪያዎች (ፕሮፔለሮች) መቆጣጠሪያ በስክሪኑ ላይ አልተያያዘም ነበርና የቀነሰው የአንደኛው ብቻ ሆነ። መርከቧ ወደ ግራ ታጠፈችና ከአንድ ታንከር መርከብ ፊት ገባች። 10 መርከበኞች ሞቱ።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ2019 ባወጣው ሪፖርት የሥልጠናና የክትትል ጉድለትን ከፊት አስቀምጧል፤ እኔም ጥፋቱን ሁሉ በመስታወት ላይ ልጭን አልፈልግም። ግን እስቲ በዓይነ ልቡናችሁ ተመልከቱት። ሁለት በእጅ የሚገፉ ዘንጎች ጎን ለጎን ቆመው፣ አንዱ ወደ ኋላ ተስቦ ሌላው ወደ ፊት ቀርቶ ቢሆን፣ ጨለማ ውስጥ የተደናገጠ እጅ እንኳ ያውቀው ነበር። ስክሪኑ ላይ ግን ሁለቱም ሥዕሎች ናቸው፤ ሥዕል በድንጋጤ ጊዜ አይነበብም። ሪፖርቱ በወጣበት ዓመት ባሕር ኃይሉ በዚህ ዓይነት መርከቦቹ ላይ የንክኪውን የፍጥነት መቆጣጠሪያ አንሥቶ በእጅ የሚገፋውን እንደሚመልስ አስታወቀ።

መኪናም ወደዚያው እየተመለሰ ነው። የአውሮፓ የመኪና ደኅንነት መመዘኛ ድርጅት፣ ዩሮ ኤንካፕ፣ ከ2026 ጀምሮ ሙሉውን 5 ኮከብ ለማግኘት ፍሬቻ፣ የአደጋ ጊዜ መብራት፣ ክላክስ፣ የመስታወት መጥረጊያና የአስቸኳይ ጥሪ በሚዳሰስ ቁልፍ እንዲሠሩ ይፈልጋል። ስልክ ሠሪዎችም ቢሆኑ የጣትን ናፍቆት ያውቁታል። በ2016 የወጣው አይፎን 7 ታችኛው ዳር ላይ የነበረው ክብ ቁልፍ ፈጽሞ የማይንቀሳቀስ ነበር፤ ስትጫኑት ውስጥ ያለ ሞተር ንዝረት ይሰጥና ጣታችሁ "ተጫንኩ" ብሎ ያምናል። ጠርዙን አጥፍተው ሲያበቁ ጠርዝ አስመሳይ ሞተር ገጠሙለት።

እዚህ ላይ ራሴን የሚያስተባብለኝን ነገር ማንሣት አለብኝ። ማየት የተሳነው የሥራ ባልደረባ አለኝ። አንድ ቀን በስብሰባ መካከል ስልኩን አውጥቶ ጣቱን ሲያመላልስበት ስክሪኑ ድፍን ጥቁር ነው። ባትሪው ያለቀ መስሎኝ በሹክሹክታ ነገርኩት። ሳቀብኝ። ጥቁር መጋረጃ የሚጥል ቅንብር ነው፤ የሚያነበው በአንድ ጆሮው በሰካው ማዳመጫ ነው። ጣቱ ያለፈበትን ሁሉ ስልኩ በስም ይጠራለታል፤ የፈለገው ላይ ሲደርስ ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርገዋል። የድምፁ ፍጥነት ለእኔ የንብ ጩኸት ነበር፤ እሱ ቃል በቃል ይከተለዋል። "የእናንተን ስልክ ሁሉም ሰው በትከሻችሁ ላይ አሻግሮ ያነባል፤ የእኔን ማን ያነባል?" አለኝ።

ይህ ዓይነት ድምፅ አንባቢ በንክኪ ስልኮች ላይ የመጣው በ2009 ነው። ጠፍጣፋ መስታወት ማየት ለተሳነው ሰው የመጨረሻው ግድግዳ ይሆናል ተብሎ ሲፈራ፣ በድምፅ ጠርዝ ተሠራለትና በር ሆነ። ይህን የምላችሁ መስታወቱን እንድትረግሙት ስላልፈለግኩ ነው። ጠርዝ በሐሳብ ከተሠራ መስታወት ላይም ይበቅላል። ጥያቄው ሠሪው እንዲበቅል ይፈልጋል ወይ የሚለው ነው። ባልደረባዬን የረዱት መሐንዲሶች ፈልገው ነበር። አሁን የማነሣው ግን አውቀን ጠርዙን የፋቅንበትን ቦታ ነው። "የፋቅንበትን" ማለቴን ልብ በሉልኝ።

መጽሐፍ ገጹ ያልቃል። ጋዜጣ የመጨረሻው ዓምድ አለው። በኢንተርኔት የመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንኳ የገጹ ግርጌ ላይ "ቀጣይ" የሚል ቃል ነበር፤ እሱን ለመጫን እጅ ለቅጽበት ያህል ይቆማል፣ በዚያች ቅጽበት ደግሞ ሰው "አሁንስ ይበቃኛል" ሊል ይችላል። በ2006 ኤዛ ራስኪን የተባለ ነዳፊ ያቺን ቅጽበት የሚያስቀር ዘዴ ፈጠረ፤ ወደ ግርጌው ስትቃረቡ ተከታዩ ራሱ መጥቶ ይቀጠላል። ያሰበው ለተጠቃሚው ማሰናከያ ለማንሣት ነበር። በኋላ ዘዴው ከምን እንደዋለ አይቶ መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል። ጸጸቱ ይገባኛል፤ የእኛ ሙያ ትልቁ መመሪያ "ሰውን አታስቁመው" የሚል ስለሆነ፣ መቆም ራሱ ጥቅም ሊኖረው ይችላል የሚለውን ማንም አላስተማረንም።

የእኔን ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት በምሠራበት ድርጅት ሰዎች ወሬና ፎቶ የሚለዋወጡበት መተግበሪያ እንሠራ ነበር። አንድ ሰው ካለፈው ጉብኝቱ በኋላ የመጣውን ሁሉ ሲጨርስ፣ በግራጫ ቀለም "አዲስ ነገር ይህን ያህል ነው" የምትል መስመር ትወጣለች። እኔ ነኝ የነደፍኳት፤ ቃሉንም እኔ ነኝ የመረጥኩት። በአንድ ስብሰባ ላይ ሰዎች ከመተግበሪያው የሚወጡበትን ቦታ የሚያሳይ ሥዕል ቀረበ። ከሁሉ በላይ ረጅሙ ዓምድ የቆመው የእኔ መስመር ላይ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ ሥዕሉን በእርሳስ እየጠቆመ "እዚህ ጋ ቀዳዳ አለብን" አለ። በሳምንቱ መስመሯ ተነሣች። ማን አነሣት ብትሉኝ እኔው ነኝ፤ የፈጀብኝም ግማሽ ቀን ነው። ሰዎቹ ከዚያ በኋላ የሚወጡት ሲደክማቸው ሆነ።

ይህ የአንድ ትንሽ ድርጅት ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ለእናንተ ባልተናዘዝኩ። በ2018 ኢንስታግራም፣ የምትከተሏቸው ሰዎች ያወጡትን አዲስ ነገር አይታችሁ ስትጨርሱ ይህንኑ የሚነግር ምልክት ማሳየት ጀመረ። ሲመጣ ደስ ብሎኝ ነበር፤ መስመሬ ከሞት ተነሣች አልኩ። በ2020 ግን ከምልክቱ በታች እናንተ ያልመረጣችኋቸው ሰዎች ልጥፎች መደርደር ጀመሩ። ምልክቱ አለ፤ ከሥሩ ግን ወለል የለም።

ለምን እንዲህ ሆነ ለሚለው ረጅም መልስ አያስፈልግም። ኸርበርት ሳይመን የተባለው የምጣኔ ሀብት ሊቅ በ1971 መረጃ ሲበዛ የሚያልቀው የሰው ትኩረት መሆኑን ተናግሯል። አገልግሎቱን በነጻ ሰጥቶ በማስታወቂያ የሚተዳደር ድርጅት የሚሸጠው ያንን የሚያልቀውን ነው። የቀረው ዘዴ ነው፤ ዘዴው ደግሞ አዲስ አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቢ. ኤፍ. ስኪነር ርግብ ሰሌዳ በጠቆመች ቁጥር ሳይሆን አንዳንዴ ብቻ፣ ባልታወቀ ጊዜ፣ ጥሬ ብትሰጧት ይበልጥ ሳትታክት እንደምትጠቁም ካሳየ ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ስክሪኑን በጣታችሁ ወደ ታች ስባችሁ ስትለቁት፣ ክቧ ትንሽ ትሽከረከርና አንዳንዴ አዲስ ነገር ይመጣል፣ አንዳንዴ አይመጣም። ሁልጊዜ ቢመጣ ኖሮ ይህን ያህል አትስቡትም ነበር። በ2009 ፌስቡክ ላይ የተጀመረው የላይክ ቁልፍም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው፤ ፎቶ አውጥቶ ስንት ሰው እንደወደደው ለማየት በየአሥር ደቂቃው የሚመለስ ሰው ቁጥሩን አስቀድሞ ቢያውቅ አይመለስም።

አዲስ ነገር መጣ ብላ ስለምታሳውቀው ቀይ ነጥብም ብዙ ማለት ይቻላል። አንድ ብቻ እላለሁ፤ ቀይ ቀለም በትራፊክ መብራት፣ በእሳት ማጥፊያ፣ በአደጋ ምልክት ላይ የሚውለው ዓይን ሊያልፈው ስለማይችል ነው። እኛ ወስደን "አንድ የማታውቀው ሰው የልደት ቀኑ ነው" በሚለው ማሳወቂያ ላይ ለጠፍነው።

ሦስተኛው ጠርዝ የሰዓት ነው ብዬ ነበር። የመጀመሪያው አጭር የጽሑፍ መልእክት የተላከው ዲሴምበር 3 ቀን 1992 ነው፤ ኒል ፓፕወርዝ የተባለ ወጣት መሐንዲስ የገና ሰላምታ ላከ። የላከው ከኮምፒውተር ነበር። በዚያ ዘመን የነበሩት የእጅ ስልኮች ፊደል መጻፊያ አልነበራቸውም። መልእክቱ ደግሞ ስፋቱ የተወሰነ ነው፤ በላቲን ፊደል 160፣ እንደ እኛ ፊደል ላለው 70 ብቻ። እነዚያን ዓመታት የምታስታውሱ ታውቁታላችሁ፤ ሰው ያንን ጠባብ ቦታ ለመጠቀም ቃል ይመርጥ ነበር፣ ከላከ በኋላም ስልኩን ኪሱ ይከተዋል። ተቀባዩ ማንበብ አለማንበቡን የሚያሳይ ምልክት፣ "እየጻፈ ነው" የሚል የሚንቀጠቀጥ ነጥብ አልነበረም። ዛሬ መልእክቱ መነበቡ ይታያል፤ ስለዚህ አለመመለስ ስድብ ሆኗል። ሠራተኛው ማታ አልጋው ላይ ሆኖ የአለቃውን መልእክት ይከፍታል፣ መክፈቱ ታየበት፣ እንግዲህ መመለስ ግድ ነው። ድሮ የሥራ ሰዓት የሚያልቀው በር ሲዘጋ ነበር። በሩ አሁን ትራሱ ሥር ነው።

በቤት ውስጥ ያለውን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁና አላንዛዛም። አንድ ያየሁትን ብቻ። አንዲት ሦስት ዓመት ያልሞላት ልጅ የታተመ መጽሔት ሥዕል ላይ ሁለት ጣቷን አሳርፋ ልታሰፋው ሞከረች። አልሰፋም። መጽሔቱን ገልብጣ ጀርባውን አየችና ለአባቷ "ተበላሽቷል" ብላ ሰጠችው። አባቷ አልሰማትም፤ ምን ላይ እንደነበር ልንገራችሁ? የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ ለ1 ዓመት ልጅ ተቀምጦ ስክሪን ማየት እንደማይመከር፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለው ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ባነሰ ቁጥርም እንደሚሻል ይናገራል። ለአባቶች የተቀመጠ ሰዓት የለም።

ታዲያ ምን እናድርግ ብላችሁ መጠየቃችሁ አይቀርም፤ ከስብሰባው በፊት ሁለት ሰዎች አስቀድመው ጠይቀውኛል። ስልኩን ጣሉ የሚል ምክር የለኝም፤ እኔም አልጥለውም። አክስቴ የልጅ ልጆቻቸውን ባሕር ማዶ በቪዲዮ የሚያዩት በእሱ ነው፤ ባልደረባዬ ደብዳቤውን ለሌላ ሰው ሳያሰማ የሚያነበው በእሱ ነው። በቀን ስንት ሰዓት እንደተመለከታችሁ የሚቆጥሩት መቆጣጠሪያዎችም ብዙ ተስፋ አልጣልኩባቸውም። ከ2018 ጀምሮ በአፕልና በጉግል ስልኮች ላይ አሉ፤ ቁጥሩን የሚነግሩን ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ስለሆነ እንደ መርዶ ነጋሪ ናቸው። ገደብ ብታስቀምጡም አንዲት ቁልፍ ነክታችሁ ታልፉታላችሁ።

እኔ የማደርገው ጠርዝ መሥራት ነው፤ በእጅ የሚዳሰስ ጠርዝ። ቻርጀሩ ከመኝታ ቤት ውጭ ነው፤ ስልኩ ማታ እዚያ ይቀራል፣ የሚቀሰቅሰኝም ባለ ሁለት ደወል ሰዓት ነው። ከሰው በቀጥታ ከመጣ መልእክትና ጥሪ በቀር ማሳወቂያ ሁሉ ተዘግቷል። ስክሪኑን ጥቁርና ነጭ ማድረግም ሞክሬ ነበር፤ ቀይዋን ነጥብ አመድ ያደርጋታል፣ ግን ካርታ ማንበብ ስላቃተኝ ተውኩት። ቪዲዮ በራሱ እንዳይቀጥል የሚያደርገውን ቅንብር ፈልጌ ለማግኘት አራት ገጽ ወርጃለሁ፤ የደበቀውን ሰው አልወቅስም፣ እኔም እንዲህ ያለ ነገር ደብቄ አውቃለሁ።

አክስቴን ባለፈው ወር አየኋቸው። አሁን ጥፍራቸውን ትተው በጣታቸው ለስላሳ ክፍል ነው የሚነኩት፣ ከእኔ ይልቅ በእርጋታ። የልጅ ልጃቸው የላከችውን ፎቶ ከፈቱ፣ በሁለት ጣት አሰፉት፣ ጥርሷ መውለቁን አዩ፣ ሳቁ። ከፎቶው በታች ሌላ ፎቶ፣ ከዚያም በታች የሚጨፍር ሰው ብቅ ብሏል። እሳቸው ስልኩን አጥፍተው በፊቱ ደፉት።

"ገና አለ እኮ" አልኳቸው። "ወደ ታች ቢገፉት ይቀጥላል።"

መነጽራቸውን እያወለቁ አዩኝ።

"ከማን የተላከ?"